የብልት ባክቴሪያዎችና የማኅፀን በር ካንሰር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ብልት «ጥሩ» እና «መጥፎ» ባክቴሪያዎች የሚጻፈው ነገር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዝቷል፤ ባክቴሪያዎቹን እናስተካክላለን የሚሉ እንክብሎች፣ ሳሙናዎችና መታጠቢያዎችም አብረው ለገበያ ቀርበዋል። ከዚህ በታች የቀረቡት መልሶች በምርምር የተረጋገጠውን ገና በመጠናት ላይ ካለው ለይተው ለማሳየት የተዘጋጁ ናቸው።

የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው ወይስ ቫይረስ?

ቫይረስ ነው። የማኅፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚመጣው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤችፒቪ፣ ከሚባለው ቫይረስ አደገኛ ዝርያዎች አንዱ በሰውነት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲቆይ ነው። ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውሰንና ባልደረቦቹ ዝርያ 16ን እ.ኤ.አ. በ1983፣ ዝርያ 18ን ደግሞ በ1984 ከካንሰሩ ናሙና ለይተው አወጡ፤ ለዚህም ሥራ ሱር ሃውሰን በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። በዓለም ላይ ከሚከሰተው የማኅፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ዝርያዎች የሚመጣ ነው።

ይሁን እንጂ ቫይረሱ የያዛት ሴት ሁሉ በካንሰር አትያዝም። ኤችፒቪ እጅግ የተለመደ በመሆኑ የግብረ ሥጋ ግንኙነት የጀመሩ አብዛኞቹ ሰዎች በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ይይዛቸዋል፤ ከአሥሩ በዘጠኙ ላይ ግን በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ የሰውነታቸው መከላከያ ያስወግደዋል። ቫይረሱ ከአንዷ ሴት ለቅቆ ሲሄድ በሌላዋ ላይ ለምን ይከርማል? የቫይረሱ ዝርያ፣ ሲጋራ ማጨስና የሰውነት መከላከያ መዳከም የመልሱ አንድ ክፍል መሆናቸው ከታወቀ ቆይቷል። የቀረውን የመልሱን ክፍል ፍለጋ ነው ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ወደ ባክቴሪያዎቹ ያዞሩት።

የብልት ማይክሮባዮም ሲባል ምን ማለት ነው?

በሴት ብልት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችና ሌሎች በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን በአንድነት የብልት ማይክሮባዮም ይባላሉ። በጤነኛ ሴት ብልት ውስጥ ዘንግ መሰል ባክቴሪያዎች እንደሚኖሩ ጀርመናዊው የማኅፀን ሐኪም አልበርት ዶደርላይን እ.ኤ.አ. በ1892 ጽፎ ነበር። ዛሬ ላክቶባሲለስ በሚል ስም የምናውቃቸው ባክቴሪያዎች ናቸው።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን የብልት ግድግዳ ሕዋሳት ግላይኮጅን የሚባለውን ስኳር እንዲያከማቹ ያደርጋል፤ ይህ ስኳር ሲፈራርስ ላክቶባሲለሶች ይመገቡትና ላክቲክ አሲድ ያመርታሉ። በዚህም የተነሣ የብልት ፈሳሽ የፒኤች መጠን (ሲያንስ ኮምጣጣነትን የሚያሳየው መለኪያ) ከ4.5 በታች ይወርዳል፤ አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ደግሞ እንዲህ ባለ ኮምጣጣ ስፍራ አይመቻቸውም። እርሾ የተጨመረበት የጤፍ ሊጥ ኮምጥጦ ሌላ ተሕዋስ እንዳይራባበት የሚሆነው በዚሁ በላክቲክ አሲድ ነው። ከማረጥ በኋላ ኢስትሮጅን ሲቀንስ ላክቶባሲለሶችም ይቀንሳሉ፤ በእርግዝና ጊዜ በአንጻሩ ይበዛሉ፤ በወር አበባ ቀናት ደግሞ ደሙ ራሱ አሲዱን ስለሚያለዝበው ለጊዜው ይለዋወጣሉ። ስለዚህ የማይክሮባዮም ይዞታ አንድ ጊዜ ተለክቶ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም።

በሁሉም ሴቶች ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች አንድ ዓይነት ናቸው?

አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት የ396 ሴቶችን ናሙና በዘረመል ምርመራ ፈትሾ ባክቴሪያዎቹን በአምስት ምድብ ከፈላቸው፤ ይህ አከፋፈል እስካሁን ይሠራበታል። በአራቱ ምድቦች ውስጥ አንድ የላክቶባሲለስ ዝርያ ይገንናል፤ ዝርያዎቹም ክሪስፓተስ፣ ጋሰሪ፣ ኢነርስ እና ጄንሰኒ ይባላሉ። በቀረው ምድብ፣ በአራተኛው፣ ላክቶባሲለስ አነስተኛ ሲሆን ቦታውን ጋርድነሬላ፣ ፕሪቮቴላ፣ ስኒቲያና የመሳሰሉት ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይጋሩታል።

ላክቶባሲለሶቹም ቢሆኑ እኩል አይደሉም። ክሪስፓተስ ሁለቱንም የላክቲክ አሲድ ዓይነቶች የሚያመርትና ቦታውን አጥብቆ የሚይዝ ሲሆን፣ ኢነርስ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያመርታል፤ ሕዋሳትን ሊበሳ የሚችል መርዝም አለው፤ ከአራተኛው ምድብ ባክቴሪያዎችም ጋር በቀላሉ ይቀላቀላል። «ላክቶባሲለስ ተገኝቷል» የሚል የምርመራ ውጤት የትኛው ዝርያ እንደሆነ ካልገለጸ ብዙ የማይናገረው በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ከኤችፒቪ ጋር ምን ያገናኛቸዋል?

ኤችፒቪ ሥራውን የሚጀምረው በማኅፀን በር ላይ ካሉት የሕዋስ ድርብርቦች በታችኛው ላይ ነው፤ እዚያ የሚደርሰውም በጥቃቅን ጭረቶች በኩል ነው። ከድርብርቦቹ በላይ ያለው ንፍጥ መሰል ፈሳሽ የመጀመሪያው አጥር ነው። ጋርድነሬላና አጋሮቹ የዚህን ፈሳሽ ስኳር የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ስለሚያመነጩ ፈሳሹ ይቀጥናል፤ የሕዋሳቱም ትስስር ይላላል። በተጨማሪም ቀስ ብሎ የሚነድ፣ ብዙ ጊዜ ምልክት የማይሰጥ ብግነት ያስነሣሉ፤ ብግነቱም እየቆየ ሕዋሳቱን ለጉዳት ያጋልጣል። ቫይረሱ በበኩሉ ኢ6 እና ኢ7 በሚባሉት ፕሮቲኖቹ አማካይነት ሕዋሱ መባዛቱን የሚቆጣጠርባቸውን ሁለት ዋና ዋና ጠባቂ ፕሮቲኖች ያሰናክላል። ጥቃቱ የቫይረሱ ነው፤ የባክቴሪያዎቹ ድርሻ መንገዱን ማስፋት ወይም ማጥበብ ነው።

በሴቶች ላይ የተደረጉት ክትትሎችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የተመራና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት መካከለኛ ደረጃ ቅድመ ካንሰር (ገና ካንሰር ያልሆነ የሕዋሳት ለውጥ) የተገኘባቸውንና ሕክምናው ዘግይቶላቸው በክትትል ብቻ የቆዩ 87 ወጣት ሴቶችን ተከታትሏል፤ ላክቶባሲለስ በገነነባቸው ሴቶች ላይ የተጎዳው የማኅፀን በር ክፍል በራሱ የመዳን ዕድሉ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የብዙ ጥናቶችን ውጤት አጠቃለው የመረመሩ ሥራዎችም ላክቶባሲለስ በሚያንሳቸው ሴቶች ላይ ኤችፒቪም ሆነ ቅድመ ካንሰር በብዛት እንደሚታይ ያሳያሉ።

ታዲያ ባክቴሪያው ነው ቫይረሱን የሚያቆየው ወይስ ቫይረሱ ነው ባክቴሪያውን የሚለውጠው?

በዚህ መስክ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ ለገበያ በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ተዘልሎ የሚታለፈውም ይኸው ነው። ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያረጋግጥም። አዲስ የግንኙነት ጓደኛ፣ ኮንዶም አለመጠቀም፣ ሲጋራ፣ የሆርሞን ለውጥ፣ እነዚህ ሁሉ ባክቴሪያዎቹንም ቫይረሱንም በአንድ ጊዜ የሚነኩ ናቸው። ከዚህም በላይ ኤችፒቪ ራሱ የብልት ሕዋሳት የሚያመርቷቸውንና ላክቶባሲለሶች ለምግብነት የሚጠቀሙባቸውን የመከላከያ ፕሮቲኖች እንደሚቀንስ በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ እንዲህ ከሆነ ጉዳቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል ማለት ነው።

ጥርጣሬውን ሊቆርጠው የሚችለው በቂ ቁጥር ያላቸው ሴቶች በዕጣ ተከፍለው ለአንደኛው ቡድን ላክቶባሲለስ ተሰጥቶ፣ ለሌላው ሳይሰጥ፣ ሁለቱም ለዓመታት የሚታዩበት ሙከራ ነው። ካንሰሩ ለመፈጠር በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት ስለሚወስድ እንዲህ ያለውን ሙከራ እስከ ካንሰሩ ድረስ መከታተል እጅግ አዳጋች ነው፤ ተመራማሪዎች በካንሰሩ ፈንታ የቫይረሱን መጥፋት ወይም የቅድመ ካንሰሩን መዳን የሚለኩት ለዚህ ነው። እስከዚያው ድረስ ማይክሮባዮሙን «አጋዥ ምክንያት» ብሎ መጥራት ተገቢ ይመስለናል፤ «መንስኤ» ማለት ግን ማስረጃውን ቀድሞ መሮጥ ነው።

የአፍሪካ ሴቶች ማይክሮባዮም ይለያል ይባላል። እውነት ነው?

በአሜሪካው ጥናት ውስጥ አራተኛው ምድብ ከነጭና ከእስያ ዝርያ ሴቶች ይልቅ በጥቁርና በላቲን አሜሪካ ተወላጅ ሴቶች ላይ በብዛት ታይቷል፤ በአፍሪካ የተደረጉ ጥናቶችም ተመሳሳይ ነገር ያሳያሉ። በደቡብ አፍሪካ በደርባን አቅራቢያ ወጣት ሴቶችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት የተወሰኑ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የበዙባቸው ሴቶች በኤችአይቪ የመያዝ ዕድላቸው ክሪስፓተስ ከገነነባቸው ጋር ሲነጻጸር አራት እጥፍ ያህል መሆኑን አመልክቷል።

ይህ ማለት ግን ጥቁር ሴት በተፈጥሮዋ «የታመመ» ብልት አላት ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው አነጋገር ስሕተትም ነውርም ነው። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ምንም ምልክትና ሕመም የሌለባቸው ናቸው። የኑሮ ሁኔታ፣ የጤና አገልግሎት አቅርቦት፣ የትዳር ጓደኛ ባክቴሪያዎችና ሌሎችም ነገሮች በልዩነቱ ውስጥ ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል፤ አንዱን ከሌላው መለየቱም ቀላል አይደለም።

ፈሳሽና መጥፎ ሽታ እየተመላለሰ ያስቸግረኛል። ካንሰር ሊይዘኝ ነው?

ከዚህ ብቻ ተነሥቶ እንዲህ ማለት አይቻልም። ላክቶባሲለሶች ቀንሰው ሌሎቹ ሲበዙ የሚፈጠረው ችግር ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ይባላል፤ ቀጠን ያለ ግራጫማ ነጭ ፈሳሽና በተለይ ከግንኙነት በኋላ የሚበረታ የዓሣ ዓይነት ሽታ መለያዎቹ ናቸው። ይህ ችግር ያለባቸው ሴቶች ኤችፒቪ የሚገኝባቸው በመጠኑ በበዛ ድግግሞሽ ነው። ሆኖም ከእነርሱ አብዛኞቹ በማኅፀን በር ካንሰር አይያዙም፤ ኤችፒቪ የሌለባት ሴት ደግሞ በፈሳሹ ምክንያት ብቻ ወደዚህ ካንሰር አታመራም።

ፍላጅል ገዝቼ ብወስድ ከካንሰሩ እጠበቃለሁ?

አይጠብቅዎትም። በተለምዶ ፍላጅል የምንለው ሜትሮኒዳዞል ለባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ትክክለኛ መድኃኒት ነው፤ ኤችፒቪን ግን አይነካም፤ ካንሰሩን እንደሚከላከልም አልታየም። ለቫጂኖሲሱ እንኳ ቢሆን ዘላቂ አይደለም፤ በአውስትራሊያ የተደረገ ክትትል እንዳሳየው ከታከሙት ሴቶች ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ ችግሩ በ12 ወራት ውስጥ ተመልሷል።

ሁሉም ፈሳሽ ደግሞ ከአንድ ምክንያት አይመጣም። ፈንገስ ከሆነ ፍላጅል አይረዳም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ካንሰሩ ራሱ ሽታ ያለውና አንዳንዴም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ሊያመጣ መቻሉ ነው፤ ሳትመረመር ከመድኃኒት ቤት እየገዛች ወራት የምታሳልፍ ሴት የምታጠፋው ጊዜ ሊመለስ የማይችል ሊሆን ይችላል። ተመላላሽ ፈሳሽ ያላት ሴት የማኅፀን በሯ በመሣሪያ ሊታይላት ይገባል።

ባለቤቴም መታከም አለበት?

ለረጅም ጊዜ መልሱ «አያስፈልግም» የሚል ነበር። በአውስትራሊያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ ሙከራ ግን ይህን ለውጦታል፤ ሴቷ ብቻ በታከመችበት ጊዜ በ12 ሳምንት ውስጥ ቫጂኖሲሱ የተመለሰባቸው 63 በመቶ ሲሆኑ፣ ባልየውም የሚዋጥ ሜትሮኒዳዞልና የሚቀባ ክሊንዳማይሲን ለሰባት ቀን ሲወስድ ቁጥሩ ወደ 35 በመቶ ወርዷል። ችግሩ የሚመላለስባት ሴት ይህን ጉዳይ ከሐኪሟ ጋር ብታነሣ ተገቢ ነው።

እርጎ መብላት ወይም የፕሮባዮቲክ እንክብል መዋጥ ይረዳል?

እርጎ ጥሩ ምግብ ነው። በእርጎ ውስጥ የሚገኙት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ግን በብልት ውስጥ ከሚኖሩት የተለዩ ናቸው፤ በአፍ ተበልተው የብልትን ቦታ ሲይዙ አይታይም፤ እርጎን በብልት ውስጥ ማስገባትም አይመከርም። በእንክብል የሚሸጡ ፕሮባዮቲኮችም (ይጠቅማሉ የሚባሉ ሕያው ባክቴሪያዎች) አብዛኞቹ በዚህ ጉዳይ ላይ ተገቢው ሙከራ አልተደረገባቸውም።

ተስፋ ሰጪ የሚባለው ሌላ ነው። ከሴት ብልት የተወሰደ አንድ የክሪስፓተስ ዝርያ ከሜትሮኒዳዞል ሕክምና በኋላ በብልት ውስጥ እየተደረገ በ228 ሴቶች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ ወጥቷል፤ በ12 ሳምንት ውስጥ ቫጂኖሲስ የተመለሰባቸው ባክቴሪያውን ካገኙት 30 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 45 በመቶ ነበሩ። ልብ ይሏል፣ የተለካው ቫጂኖሲስ እንጂ ካንሰር አይደለም።

ብልትን በሳሙና፣ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ማጠብስ? ጢስ መሞቅስ?

የብልት ውስጠኛ ክፍል ራሱን የሚያጸዳ ነው። ወደ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ ላክቶባሲለሶችን ጠርጎ ያወጣል፤ ከቫጂኖሲስ ጋርም ግንኙነት እንዳለው በተደጋጋሚ ታይቷል። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት የመሳሰሉት ስስ ቆዳውን ይልጣሉ ወይም ያቃጥላሉ። ውጫዊውን ክፍል በንጹሕ ውኃ መታጠብ በቂ ነው። ወይባና ሌላ የእንጨት ጢስ መሞቅ ለውበትና ለመዝናናት ቢወደድም፣ ኤችፒቪን ያስወግዳል የሚያሰኝ ምንም ማስረጃ የለም።

የኮምጣጤው ጉዳይ አንዳንድ ሴቶችን ያምታታል። በጤና ጣቢያ በሚደረገው ቅድመ ምርመራ ባለሙያዋ የማኅፀን በር ላይ ከ3 እስከ 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ትቀባና አንድ ደቂቃ ገደማ ትጠብቃለች፤ የተለወጡ ሕዋሳት ካሉ ነጭ ሆነው ይታያሉ። ይህ ለማየት የሚደረግ እንጂ ለማከም ወይም ለማጽዳት የሚደረግ አይደለም፤ ስለዚህ በቤት የሚደገም ነገር አይደለም።

ኤችአይቪ በደሟ ያለባት ሴት ምን ማወቅ አለባት?

ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች በማኅፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ስድስት እጥፍ ነው። ዋናው ምክንያት የሰውነት መከላከያ መዳከሙ ሲሆን፣ ላክቶባሲለስ የቀነሰበት ማይክሮባዮምም በእነርሱ ላይ በብዛት ይታያል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ ለማኅፀን በርም ይጠቅማል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ምርመራቸው ከ25 ዓመት ጀምሮ፣ ከሌሎቹም በተቀራረበ ጊዜ እንዲደረግ ይመክራል።

ማይክሮባዮሜን ማስመርመር ይኖርብኛል?

ለማኅፀን በር ካንሰር ሲባል አያስፈልግም። በውጭ አገር በፖስታ የሚላኩ የማይክሮባዮም መመርመሪያዎች በብዙ ገንዘብ ይሸጣሉ፤ ውጤታቸው ግን ሐኪሙ በሚሰጠው የካንሰር መከላከያ ሕክምና ላይ የሚለውጠው ነገር የለም። የሚለውጠው የኤችፒቪ ምርመራ ነው። በምርመራ ክፍል መታየት የሚከብዳቸው ሴቶች ናሙናውን ራሳቸው በጥጥ ዘንግ መውሰድ የሚችሉበት አሠራርም አለ፤ በአሜሪካ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በጤና ተቋማት ውስጥ ተፈቅዷል፤ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያት ከሐኪማቸው ሊጠይቁት ይችላሉ።

በኢትዮጵያ ያለች ሴት ዛሬ ምን ማድረግ ትችላለች?

የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ7,000 በላይ ሴቶች በአዲስ እንደተያዙና ከ5,000 በላይ እንደሞቱ ይገመታል። የኤችፒቪ ክትባት በ2011 ዓ.ም. በ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ጊዜ መርፌ በዘመቻ ተሰጥቷል። ክትባቱ የሚሠራው ቫይረሱ ከመያዙ በፊት ስለሆነ ለልጅነት ዕድሜ መመደቡ በምክንያት ነው፤ አስቀድሞ የያዘን ቫይረስ አያስወግድም፤ ባክቴሪያዎቹንም አይነካም። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ቅድመ ምርመራ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ቅድመ ካንሰር ከተገኘም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል። የተከተበችም ብትሆን ዕድሜዋ ሲደርስ ልትመረመር ይገባታል፤ ክትባቱ አደገኛ ዝርያዎችን ሁሉ አይሸፍንምና።

የምርመራ ቀጠሮ ሳልጠብቅ ወደ ሐኪም መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ከግንኙነት በኋላ ደም ከታየ፣ ከወር አበባ ጊዜ ውጭ ወይም ካረጡ በኋላ ከደሙ፣ ፈሳሹ ደም ከቀላቀለ ወይም መድኃኒት ወስደውም ሽታው አልለቅ ካለ፣ በማኅፀን አካባቢና በወገብ ላይ የማይለቅ ሕመም ካለ፣ በዚያው ሳምንት ይታዩ። ከእነዚህ ምልክቶች አብዛኞቹ ካንሰር ሆነው አይገኙም፤ ይህን የሚለየው ግን ማኅፀን በሩን በዓይን አይቶ፣ ካስፈለገም ናሙና ወስዶ የሚመረምር ባለሙያ ብቻ ነው። ወደ ምርመራው ከመሄድዎ በፊት ውስጥዎን አይጠቡ፤ መታጠቡ ባለሙያው ሊያየው የሚገባውን ፈሳሽ ያጠፋል።